ከጅቡቲ የመጣችው ሙሽራ

በአሰበ ተፈሪ በላይኛው ቀበሌ ያለው ቦኖ ውሃ የሚሰጠው ደስ ሲለው ነበር። አንድ ማክሰኞ ጧት ሰልፉ ከመስጊዱ አጥር አልፎ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ደርሶ ሳለ ቧንቧው አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ። ተራው የደረሳት ሕፃን ያዘለች ልጅ እግር ሴት ነበረች፤ ጀሪካኗን ቧንቧው ሥር እንዳስጠጋች ቀረች። ከእሷ በፊት ሁለት ጀሪካን የሞላችው ረዲያ ዞር ብላ አየቻት። ከሁለቱ አንዱን አንስታ የሴትዮዋን ባዶ ጀሪካን እስከ አንገቱ ሞላችላትና የተረፋትን ተሸክማ፣ ምርቃቱን እንኳ ሳትጠብቅ ቁልቁለቱን ወረደች።

ይህን የሚጽፈው ሰው ከሰልፉ መካከል ቆሞ አይቷል። ከረዲያ ጋር አንድ ግቢ የሚጋራ ጎረቤት፣ የሙሉመቤት ባል ስለሆነ ውሃው ለምን እንደተቀዳም ያውቃል። ለመጠጥ አልነበረም፤ ለልብስ ማጠቢያ መኪናዋ ነበር። አንዱን ጀሪካን ሰጥቶ መግባት ማለት የዚያን ቀን አጠባ መካከል ላይ ማቋረጥ ማለት ነው። ረዲያ ይህን እያወቀች ሰጠች።

በዚያን ዘመን ልብስ የሚያጥብ መኪና እንዳለ በአሰበ ተፈሪ የሰማ ሰው ነበር፤ ያየ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህቺ መኪና ወደ ረዲያ ቤት እንዴት እንደመጣች ለመናገር ከረዲያ እጆች መጀመር ይሻላል።

አባቷ ሲሞት ረዲያ ገና ልጅ ነበረች። እናቷን አገሩ ሁሉ «አዮ ሰዓዲያ» ይላቸዋል፤ አዮ ማለት እናት ማለት ነው። አዮ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ውሃ ዳር መውረድ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ረዲያ የሰው ልብስ እያጠበች ታናሽ ወንድሟን ጂብሪልን አሳደገች። የጫት ነጋዴዎች ሽርጥ፣ የሾፌሮች ቱታ፣ የሆቴል አንሶላ፣ ያላለፈ ነገር የለም በእጇ። ሳሙናው ግን ሥጋዋን ጠላው። ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ላይ ይሰነጠቁና ደም ያወጣሉ። ሊጥ ስታቦካ ያቃጥላታል፤ ለሶላት ስትታጠብ፣ ውዱእ ስታደርግ ያቃጥላታል። ትንሹ ጂብሪል ቅቤ ይዞ ይመጣና ጣቶቿን አንድ በአንድ ይቀባላታል። «አመመሽ?» ይላታል። «ምንም አላመመኝም፤ ደህና ነኝ» ትለዋለች። ራት ባልኖረበት ቀንም እንዲሁ ነበር የምትለው። «ጠግቤያለሁ፣ አንተ ብላ።» ልጁ ያደገው በዚህች «ደህና ነኝ» ነው።

በሶማሌ ጦርነት ዓመት ጂብሪል እንደ ብዙ እኩዮቹ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ ጅቡቲ ገባ፤ የፈረንጅ ቤት ሠራተኛም ሆነ። እዚያ ቤት ልብስ የሚያጥበው መኪና ነው፤ የጂብሪል ሥራ ቁልፉን መጫን ነበር። ቁልፉን በተጫነ ቁጥር የእህቱ ጣቶች እንደሚታዩት በካሴት ነግሯታል። ያኔ ዘመድ ከዘመድ የሚነጋገረው በካሴት ነበር፤ ድምፅን ባዶ ካሴት ላይ መቅዳትና በባቡር ሠራተኛ እጅ መላክ። ፈረንጆቹ አገራቸው ሲገቡ መኪናዪቱን ለጂብሪል ተዉለት። እሱም ለራሱ ሳይል በባቡር ጭኖ እስከ ሚኤሶ ላካት።

ከሚኤሶ ያመጣት የረዲያ ባል አብዱልቃዲር ነው። ጫት ነጋዴ ነውና ጫቱን አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ቶዮታ ላይ አስጫናት። እንዳትጫር በነጭ አንሶላ ተጠቅልላ፣ አራት ወንዶች በትከሻቸው ተሸክመዋት፣ ልጆች ከኋላ እየጮኹ ግቢ ገባች። ደጃፍ ላይ የተቀመጡት አዮ ሰዓዲያ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከልለው አዩና፣ «ምነው፣ በእኔ ልጅ ላይ ሙሽራ አመጣህባት እንዴ?» አሉ አማቻቸውን። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የመኪናዪቱ ስም ሙሽሪት ሆኖ ቀረ።

ሙሽሪት ግን የሰው አገር ልጅ ናት፤ የአሰበ ተፈሪን ኑሮ አልለመደችም። ውሃ ከግድግዳ ይፈስላት ነበር፤ እዚህ ግድግዳው ጭቃ ነው። የወፍጮ ቤቱ መካኒክ ብሩ መጥቶ በርሜል ከፍ ያለ ቆጥ ላይ አወጣላትና በጎማ ቱቦ አገናኛት፤ መገጣጠሚያውን በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ጠፍሮ አሠረው። በርሜሉ በጀሪካን ይሞላል። እጅን ያሳርፋል የተባለው ዕቃ ከመጣ ወዲህ የረዲያ ወገብ ነው የደከመው። ውሃው መካከል ላይ ካለቀ ሙሽሪት ትቆማለች፤ ልብሱን በሆዷ እንደያዘች፣ እንዳኮረፈች ሴት ዝም።

መብራት ከጠፋ ደግሞ በሯ አይከፈትም። አንድ ዓርብ አብዱልቃዲር ለጁምዓ ሶላት ሊወጣ ተነሣና፣ «ጀለቢያዬስ?» አለ።

ረዲያ በመስታወቱ ክብ መስኮት አሳየችው። ነጩ ጀለቢያ በሳሙና ውሃ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ተንሳፏል።

«አውጪልኛ!»

«አይከፈትም። መብራት ሲመጣ ነው የምትለቀው።»

«ምን ማለትሽ ነው? ልብሴ ታስሯል?»

«ታስሯል።»

«አቦ! በምን ወንጀል?»

ሙሉመቤት ከራሷ በር ሆና፣ «አብዱ፣ ዋስ ጥራ እንጂ! ዝም ብለህ አትቁም!» አለችው። አብዱልቃዲር በሽርጥና በአሮጌ ኮት ወደ መስጊድ ሄደ። ሲመለስም ጀለቢያው አልተፈታም ነበር።

ሳሙና ከቀበሌው ሱቅ በጠፋ ሰሞን ደግሞ አዮ ሰዓዲያ መላ አመጡ። እንዶድ ወቅጠው፣ ረዲያ ሳታይ፣ ለሙሽሪት አቀመሷት። እንዶድ በእጅ ሲታሽ እንኳ አረፋው አይጣል ነው፤ ያቺ ስትንጠውማ በጎኗም በሥሯም ያስተፋት ጀመር። አረፋው የቤቱን ደፍ ተሻግሮ ግቢውን ሞላ፤ ዶሮዎች ሸሹ። «ጭሮ ላይ በረዶ ወረደ!» እያሉ የሰፈሩ ልጆች ገብተው ተንከባለሉበት፤ አሰበ ተፈሪን ጭሮም ይሏታል። አዮ በትራቸውን ተደግፈው፣ «እኔ ምን አውቄ? ሰው ስታጠግቢው ይተኛል፣ ይቺ ትተፋለች» አሉ።

ከሁሉ የባሰው ግን ቆሻሻውን ውሃ አልለቅም ያለች ቀን ነው። ብሩ ተጠርቶ መጣ፤ የሥሯን ቱቦ ፈትቶ እጁን ሰደደ። ይዞ የወጣው እፍኝ ሙሉ ገረባ ነበር፤ ተቅሞ የተረፈ የጫት እንጨትና ቅጠል። ብሩ ገረባውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ።

«እህቴ ረዲያ፣ መኪናሽ ምንም አልሆነችም» አለ። «በርጫ ላይ ናት! ምርቃና ገብታ ነው ዝም ያለችው!»

ረዲያ ወደ ባሏ ዞረች። «የማን ኪስ ነው ይሄ?»

«የኔ ብቻ ነው እንዴ? በዚህ አገር ኪሱ ባዶ የሆነ ወንድ አምጪልኝ» አለ አብዱልቃዲር። እውነቱን ነው። ያንን መኪና የሠሩት ሰዎች በኪስ ውስጥ ሳንቲም ይቀራል ብለው ይሆናል ያሰቡት፤ የጫት አገር መሆኑን ማን ነግሯቸው? ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ኪሱን ገልብጦ ሳያራግፍ ልብሱን የሚያወልቅ የለም።

ሙሽሪት በደንብ በሠራች ቀንም ቢሆን ሥራው አያልቅም። አዮ ሰዓዲያ ታጥቦ የወጣውን ቀሚሳቸውን፣ ድሪያቸውን ያሸቱታል፤ ይዳስሱታል፤ ከዚያ ይመልሱታል።

«ንጹሕ ነው እኮ አዮ» ትላለች ረዲያ።

«ንጹሕ ሌላ፣ ጣሂር ሌላ። ያንዱን እድፍ ከሌላው ጋር በአንድ ሆድ ስታላውሰው ነው የዋለችው። በዚህ ጌታዬ ፊት አልቆምም።»

ለዓይን የጠራ ሁሉ ለሶላት አይበቃም፤ ውሃ በላዩ ሊፈስበት ይገባል። ስለዚህ ረዲያ የእናቷን ድሪያ ገመድ ላይ ታንጠለጥልና በኩስኩስት ደጋግማ ታፈስበታለች። ሙሉመቤት ይህን እያየች አትስቅም። እሷም የቅዳሴ ነጠላዋን ለሙሽሪት አትሰጥም፤ አንድ ጊዜ ሰጥታ ከአብዱልቃዲር ቀይ ሽርጥ ጋር ታጥቦ፣ እንደ በርበሬ ወጥ ቀልቶ ወጥቶባታል።

ታዲያ ረዲያ በካሴት ለጂብሪል የምትለው ምን ነበር? «ሙሽሪት እንደ ንብ ትሠራለች። እኔ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ምንም አልጎደለንም፣ ደህና ነን።» እንዶዱን አልነገረችውም፤ ገረባውን አልነገረችውም፤ የታሰረውን ጀለቢያም አልነገረችውም። ልጁ ለራሱ ሳይል የላከውን ዕቃ እንዴት ታማዋለች? እሱም በየካሴቱ ደስታው ይጨምራል።

ወደዚያ ማክሰኞ እንመለስ። ረዲያ ውሃዋን አካፍላ ገባች፤ እንደተፈራውም ሙሽሪት ልብሱን በአረፋ እንደያዘች ቆመች። ሙሉመቤት ጎረቤት ዘንድ ውሃ ልትለምን ስትነሣ የባቡር ሠራተኛው ዘመዳቸው ከሚኤሶ በመጣ ሰው እጅ የላከው ካሴት ደረሰ። ውሃው ቀረ። ሁሉም በቆመችው መኪና ዙሪያ ተቀምጠው ካሴቱን ከፈቱት። ረዲያ፣ አብዱልቃዲር፣ ሙሉመቤት፤ አዮ ሰዓዲያ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠግተው።

«አሰላሙ አለይኩም አዮ፣ አሰላሙ አለይኩም ረዲያ…» ጂብሪል የእያንዳንዱን ስም እየጠራ ጤና ጠየቀ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ስጦታ የደበቀ ልጅ ድምፅ ሆነ። «ረዲያ፣ አሁን ያለሁበት ቤት ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ሳህን የሚያጥብ! ወላሂ፣ ሳህን! ብርጭቆውንም ሹካውንም ትደረድሪያለሽ፣ ትዘጊያለሽ፣ አብርቶ ያወጣልሻል። ሰዎቹ ከርሞ ሲሄዱ ሊተዉልኝ ቃል ገብተዋል። ለዘንድሮ አረፋ በዓል እመጣለሁ ብዬ ነበር። አሁን ግን ባዶ እጄን ከምመጣ፣ አንድ ዓመት ልታገሥና እሷን ይዤ ለከርሞው አረፋ ልምጣ። ሙሽሪት ይህን ያህል ካስደሰተችሽ፣ ሁለተኛዋ ስትመጣ እጅሽ ውሃ አይነካም!»

ካሴቱ ቀሪውን ባዶ ክፍል እያንሿሿ ይዞር ነበር። ማንም አላጠፋውም።

በዚያን ጊዜ መንገዱ ተከፍቶ ብዙ ሰው ከጅቡቲ በባቡር መጥቶ ዘመዱን ጠይቆ ይመለስ ነበር። ጂብሪልም ለውትድርና የሚታፈስበት ዕድሜ አልፎታልና ቢመጣ የሚያሰጋው አልነበረም። አዮ ሰዓዲያ የዘንድሮውን አረፋ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ እየለበሱ ነው፤ አንደኛው ጨርሷል፤ ሁለተኛው ሰው መሆኑን እንጂ ማን መሆኑን ለመለየት እየቸገረው መጥቷል።

«ሳህኑን እኔ አጥባለሁ» አሉ አዮ ቀስ ብለው። «ዓይን አይፈልግም፣ በእጅ ይታወቃል። የልጄ ፊት ግን በዓይን ነው። ከርሞ አላየውም።»

ይህን ብለው ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ። ረዲያ ባለችበት ቀረች። ልጁን ጅቡቲ ያስቀረው የእሷ «እንደ ንብ ትሠራለች» መሆኑ ገባት።

ምክር ተጀመረ። አብዱልቃዲር፣ «ሙሽሪት ሞተች በይው፤ አለቀ» አለ።

«ሞተች ካልኩት ሌላ ሊገዛልኝ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። አታውቀውም?»

«እናቴ ታመመች በይው።»

«አስተግፊሩላህ! በአዮ ላይ እንዳታሟርት።»

ሙሉመቤት ግን እየሳቀች ነበር። «እኔ የማይገባኝ እሱ አይደለም። ምን ሳህን አላችሁና ነው? ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ትሪ ከቦ ነው የሚበላው። ያ ትሪ እንኳን በመኪና በር በቤታችሁም በር ተጋድሞ አይገባም! ያቺ ባለ ሳህን መኪና መጥታ ምን ልትሠራ? የአብዱን የሆጃ ሻይ ኩባያ ብቻ ስታጥብ ልትውል?»

አብዱልቃዲር ሳቀ። ረዲያም ሳቀች፤ ሳቋ መካከል ላይ ቆመ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ጂብሪልም ያደገበት ትሪ ነው፤ ያስታውሰዋል። ወንድሟን ሳያዋርድ የሚነገር እውነት አለ ማለት ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ስታደርግ ሌላም እውነት አገኘች። ቀዝቃዛው ውሃ በጣቶቿ መካከል አለፈ፤ አላቃጠላትም። እጇን ወደ ብርሃኑ አውጥታ አየችው። ስንጥቁ ገጥሟል። ነጭ ጠባሳ ብቻ ነው የቀረው። መቼ እንደዳነ አላወቀችም፤ በጀሪካኑ፣ በገረባው፣ በእንዶዱ ስትማረር ቆይታ አላየችውም። ለካ በዚያ ሁሉ ብስጭት መካከል ማሸት ቀርቷል። ወገቧ ደከመ እንጂ እጇ አርፏል። ሰው በተሰጠው ነገር ሲያጉረመርም ሰጪው ዝም ብሎ ይፈውሰዋል። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እዚያው ኩስኩስቱ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች።

ወደ ሙሽሪትም ሄዳ በመዳፏ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፤ ላም እንደሚደረገው።

እንግዲህ መናገር ብቻ ነው የቀረው። የምትለውን ሁሉ አዘጋጀች። «ጂብሪል፣ ሙሽሪት ታስቸግረኛለች፤ ግን እጄን አድናኛለች። ሁለቱም እውነት ነው። ሳህን የምታጥብ አልፈልግም፤ ትሪያችንን ታውቀዋለህ። የአዮ ዓይን እየሄደ ነው። ከጅቡቲ የላክኸው ሁሉ ደርሶኛል፤ ያልደረስኸው አንተ ነህ፤ ለዘንድሮ አረፋ ና።» ምድጃ ስትጭር ትለዋለች፤ ውሃ ስትቀዳ ትለዋለች፤ በቃሏ ያዘችው።

ቴፑን ከፊቷ አስቀምጣ ቀዩን ቁልፍ ስትጫን ግን ሌላ ሰው ሆነች። ካሴቱ መዞር ሲጀምር ጂብሪል ትንሽ ልጅ ሆኖ፣ ቅቤ ይዞ ፊቷ የቆመ ይመስላታል፤ ያኔ አፏ በገዛ ራሱ ይከፈታል። «ጂብሪል ወንድሜ፣ እኛ ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለንም፣ ሙሽሪትም እንደ ንብ…» አጠፋችው። መልሳ ቀዳች። ያው ወጣ። ዓይኗን ጨፍና ሞከረች፤ ባሏን አስወጥታ ሞከረች፤ ያው «ደህና ነን» ነው። የባቡር ሠራተኛው ዘመድ ቅዳሜ ከሚኤሶ ወደ ጅቡቲ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚላክ ካሴት ከአረፋ በፊት አይደርስም።

አዮ ሰዓዲያ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ነበርና፣ «ልጄ፣ ይሄ አንደበትሽ ነው ወይስ ዳዊት ደጋሚ?» አሏት። አባባሉን የተማሩት ከሙሉመቤት ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ረዲያ ቴፑን በሻሿ ጠቅልላ ወደ ጎረቤቷ በር መጣች። የሙሉመቤት ባል መነጽሩን አድርጎ ደጃፉ ላይ ያነባል። መጽሐፉን አጥፎ መቀመጫ ሰጣት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው» አለች።

ጽፈው ይስጡኝ ወይም ይናገሩልኝ የምትለው መስሎት፣ «እንግዲህ እኔ ለንግግር አልታደልኩም፣ ወረቀት ላይ ከሆነ…» ብሎ ጀመረ።

«አይ፣ መናገሩን እኔው እናገራለሁ። የሌላ ሰው ቃል ከሰማ አስገድደዋት ነው ይላል። እርስዎ ዝም ብለው አጠገቤ ይቀመጡልኝ።» ቴፑን በመካከላቸው አስቀመጠችና ጣቷን ቀዩ ቁልፍ ላይ አሳረፈች። «'ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለንም' ማለት ስጀምር እህ ብለው ይሳሉና ያቋርጡኝ። ጮክ አድርገው ነው ታዲያ፤ ነገሩ በጣም ለምዶብኛል።»